የማይጠቅመውን ቁጥር ገዝተን የሚጠቅመውን ስናጣ

አዲስ አበባ ውስጥ ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን አሞት ክሊኒክ የገባ ወጣት ብዙ ጊዜ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ፊደላት አሉ፤ ኤ.ኤስ.ኦ.። ከጎናቸው «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል፣ ወይም 400 የሚል ቁጥር። ቀጥሎ የሚመጣውን ንግግር እናንተም ሰምታችሁት ይሆናል፤ «ሪህ አለብህ፤ ወደ ልብህ እንዳይገባ በየወሩ መርፌ ትወጋለህ።» ለስንት ዓመት? ለዚህ ጥያቄ አንዱ «አምስት ዓመት» ይላል፣ ሌላው «ዕድሜ ልክህን» ይላል፣ ሦስተኛው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ቀጣዩን ታካሚ ይጠራል።

እንግዲህ ጓደኛዬም እንደዚሁ ነው የሆነው። 27 ዓመቱ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ይጫወታል፣ ጉልበቱን አመመው። ኤ.ኤስ.ኦ. ታዘዘለት፣ ቁጥሩ ከፍ አለ፣ መርፌው ተጀመረ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየአራት ሳምንቱ ያቺን እንደ ኖራ የወፈረች መድኃኒት ተወጋ። (የተወጋ ያውቀዋል፤ ሁለት ቀን ታነክሳለህ።) ኳሱን ተወ። እጮኛው ቤተሰብ ዘንድ «ልቡን የሚያመው ልጅ» ተባለ። በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሐኪም «ለመሆኑ ልብህን በአልትራሳውንድ ያየው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችው። ማንም አላየውም። ታየ። ልቡ እንደ ማንኛውም ጤነኛ የ30 ዓመት ጎልማሳ ልብ ነበረች።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከመርፌው ጋር አይደለም። መርፌው፣ ማለትም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ለትክክለኛው ሰው ሲሰጥ ሕይወት ያተርፋል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ጠቤ ከቁጥሩ ጋር ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ጠቤ ለቁጥሩ ከሰጠነው ሥልጣን ጋር ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል? «ቶንሲል» እያልን የምንጠራውን የጉሮሮ ሕመም ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ስትሬፕቶሊሲን ኦ የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ሰውነታችን ደግሞ መርዙን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ይሠራል። ኤ.ኤስ.ኦ. የሚለካው ይህንን አንቲቦዲ ነው። ቶድ የሚባል ተመራማሪ በ1932 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አትደናገሩ) ያስተዋወቀው ነገር ነው፤ እስከ ዛሬም መለኪያው በስሙ «ቶድ ዩኒት» ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ወረቀቱ የሚናገረው «ይህ ሰው በቅርብ ወራት ውስጥ ከዚህ ባክቴሪያ ጋር ተገናኝቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ስለ ልብ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

አንቲቦዲው ጉሮሮው ከታመመ ከሳምንት በኋላ መውጣት ይጀምራል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል፣ ወይም ቤተሰብ በአንዲት ክፍል ተፋፍጎ በሚያድርበት ሰፈር ቶንሲል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ይኖራል። እንዲህ ያለ ቦታ ምንም ያልሆነ፣ ሲሮጥ የሚውል ልጅ ደም ብትወስዱ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ብታገኙት የሚገርም አይደለም። የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እውነተኛው የሩማቲክ ትኩሳት ከያዛቸው ሕሙማን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ኤ.ኤስ.ኦ. አይጨምርም። ስለዚህ ቁጥሩ ጤነኛውን «ታመሃል» ሊያሰኝ፣ የታመመውን «ምንም የለብህ» ሊያሰኝ ይችላል። ብቻውን ሲቆም ማለቴ ነው።

አሁን ወደ በሽታው ራሱ እንምጣ፤ ቀልድ አይደለምና። የሩማቲክ ትኩሳት በብዛት የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ባክቴሪያውን ሊዋጋ የወጣው የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ከገዛ አካሉ መለየት ያቅተውና መገጣጠሚያን፣ ልብን፣ አንዳንዴም አንጎልን ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል። ልብ ግን ቂም ትይዛለች፤ ጥቃቱ በተደጋገመ ቁጥር የልብ በሮች፣ ቫልቮቹ፣ በተለይ ሚትራል የሚባለው፣ ይጠባሳሉ፣ ይጠባሉ፣ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። ሬመዲ የተባለው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን መዝግቦ ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 28፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች። በሁለት ዓመት ውስጥ 16.9 ከመቶዎቹ ሞቱ። የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ 28.7 ነበር። ይህንን ጦማር የሚያነብ ሰው ዕድሜ ማለት ነው።

እናም አንድ ሐኪም ይህን ሁሉ እያወቀ ጉልበቱን የሚያመው ልጅ ፊቱ ሲቀመጥ «ምናልባትስ?» ቢል አልፈርድበትም። እውነቱን ለመናገር የሐኪሙ ክርክር ከእኔ ክርክር የሚያንስ አይደለም። ዳኬት ጆንስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1944 ያወጣው የምርመራ መስፈርት በ2015 ሲሻሻል፣ በሽታው በተስፋፋባቸው አገሮች የመገጣጠሚያ ሕመም የበለጠ ክብደት እንዲሰጠው ተደርጓል። እንደ እኛ ባለ አገር አንድ እውነተኛ ሕመምተኛ ማምለጥ ማለት ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ የተበላሸ ልብ ማለት ነው። መርፌውም ርካሽ ነው። «ቢወጋ ምን ይጎዳዋል?» የሚለው ሐሳብ ከክፋት አይመነጭም።

ግን ያው የጆንስ መስፈርት ምን እንደሚል እንመልከት። የስትሬፕቶኮከስ ምልክት፣ ማለትም ኤ.ኤስ.ኦ.ን የመሰለ ማስረጃ፣ የመግቢያ በር እንጂ ቤቱ አይደለም። ከእሱ በተጨማሪ የልብ መቆጣት፣ የመገጣጠሚያ ማበጥ፣ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የእጅና የፊት መወራጨት፣ የቆዳ ምልክቶች፣ ትኩሳት፣ የኤሲጂ ለውጥ፣ እነዚህ እየተደማመሩ ነው ውሳኔ የሚሰጠው። የ2015ቱ ማሻሻያ ከሁሉ በላይ ያጠበቀው ነገርም የልብ አልትራሳውንድን፣ ኢኮ የምንለውን፣ ነው። ኳስ ሲጫወት የዋለ የ27 ዓመት ሰው አንድ ጉልበቱን ቢያመው፣ ትኩሳት ከሌለው፣ እብጠት ከሌለው፣ ኢኮው ንጹሕ ከሆነ፣ 400 የሚለው ቁጥር ምን ሊጨምር ይችላል?

እዚህ ላይ ኡጋንዳን ላንሳ። ጎል የተባለው ጥናት ውጤቱን በ2021 ሲያወጣ ተመራማሪዎቹ 102,200 ሕጻናትና ታዳጊዎችን መርምረው ነበር። በምን? በደም አይደለም፣ በኢኮ። ምልክቱ ገና ያልወጣ የቫልቭ ለውጥ ያለባቸውን 818 ልጆች ለዩና ግማሾቹን በየአራት ሳምንቱ ያንኑ መርፌ ለሁለት ዓመት ወጓቸው። መርፌውን ካገኙት መካከል በሽታው የባሰባቸው 0.8 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ካላገኙት መካከል ግን 8.2 ከመቶ። ይኸው ነው የምለው! መርፌው ትክክለኛውን ልጅ ሲያገኝ አሥር እጥፍ ለውጥ ያመጣል። ትክክለኛውን ልጅ ያገኘው ደግሞ ልቡን ያየ ዓይን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፣ በቅንነት የምናገረው። ይህንን አንብቦ መርፌውን ነገ የሚያቆም ሰው እንዳይኖር። የቫልቭ ጉዳት ያለበት ሰው መርፌውን ቢያንስ አሥር ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን፣ እንዲወስድ ነው መመሪያው የሚለው። ልቡ ያልተነካ ግን ትኩሳቱ በእርግጥ የያዘው ደግሞ አምስት ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመቱ። የምለው ሌላ ነው፤ ኢኮ ሳትነሡ መርፌ ላይ ከሆናችሁ ሄዳችሁ «ኢኮ ይታዘዝልኝ» በሉ። ገንዘቡ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን በየወሩ ለመርፌው፣ ለታክሲው፣ ከሥራ ለቀራችሁበት ቀን የምታወጡትን ደምሩትና አስሉት።

በነገራችን ላይ ቁጥርን ማምለክ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፈረንጆቹም በሀብታቸው ልክ ይስታሉ። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀቀውን ትሮፖኒን የሚለካ እጅግ ስሱ የሆነ ምርመራ በስኮትላንድ ሆስፒታሎች ሲገባ በ48,282 ሕሙማን ላይ ውጤቱ ተጠንቷል። በ2018 የወጣው ጥናት እንዳለው፣ አዲሱ ምርመራ የድሮው ያመለጠውን ብዙ ጉዳት አገኘ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ዳግም በልብ ድካም የተመታውንም ሆነ የሞተውን ሰው ቁጥር አልቀነሰም። ማየት ቻሉ፣ ያዩትን ግን ወደ ሕክምና መቀየር ሌላ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ልብ ደም መግፋት ሲያቅታት በደም ውስጥ የሚጨምረውን ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒን እየተከተሉ መድኃኒት ማስተካከል ይሻላል ወይ ብሎ የጠየቀው ጋይድ-ኢት የተባለው የአሜሪካ ጥናትም በ2017 ከተለመደው ጥሩ ክትትል የተሻለ ነገር አላገኘም። እነዚህ ምርመራዎች አይጠቅሙም እያልኩ አይደለም። ደረቱን የወጋውን ሰው ያለ ትሮፖኒን ወደ ቤት መላክ እብደት ነው። የእኛ ከተማ ላቦራቶሪዎች «ሙሉ የልብ ምርመራ» እያሉ በጥቅል ሲሸጡልን ግን፣ ቁጥሩ ከፍ ቢል ምን እንደሚደረግ ዝቅ ቢል ምን እንደሚደረግ ያልነገረን ሰው የሸጠልን ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ቁጥር ልምጣ። ማንም በጥቅል የማይሸጠው፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ ስሙን እንኳ የሕሙማኑ ቤተሰብ ካልሆነ የማያውቀው። አይኤንአር።

ቫልቩ የተቀየረለት፣ ማለትም የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል፤ ዋርፋሪን። (ታሪኩ ደስ ይላል። በዊስኮንሲን የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ላሞች ደማቸው አልቆም ብሎ ሲሞቱ ነው ነገሩ የተገኘው፤ በ1948 ለገበያ የቀረበውም እንደ አይጥ መርዝ ነበር።) አይኤንአር ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደዘገየ የሚነግር ቁጥር ነው። መድኃኒት የማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው። በሚትራል ቦታ የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ቫልቩ ይነክሳል ወይም የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ ጎን ያሽመደምዳል። ከዚያ ከወጣ ደግሞ ደም ይፈሳል፤ ከድድ፣ ከአንጀት፣ ከአንጎል።

እንግዲህ ለዚህ ቁጥር ማን ያለቅስለታል? ከሬመዲ ጥናት ሌላ ነገር ላምጣ፤ ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት እንዲወስዱ ታዞላቸው ከነበሩት 946 ሕሙማን ቁጥሩ በሚፈለገው ክልል የተገኘው 28.3 ከመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ከአሥሩ ሰባቱ ወይ ለመርጋት ወይ ለመፍሰስ ተጋልጠው ይኖራሉ ማለት ነው። ከዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር፤ ልጅ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 3.6 ከመቶ ነበሩ። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንሱን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት መሆኑን ደምሩበት።

የሰፈራችን ልጅ አለች፤ 22 ዓመቷ ነው፣ ቫልቭ ተቀይሮላታል። ከክፍለ ሀገር ነው የመጣችው። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት የምትኖርበት ዋናው ምክንያት ትምህርት አይደለም፣ ሥራም አይደለም፤ አይኤንአር ነው። ያደገችበት ከተማ ጤና ጣቢያው ምርመራውን አይሠራም። ደብተር አላት፣ እንደ ቁጠባ ደብተር፣ ቀኑና ቁጥሩ የተጻፈበት። 2.7፣ 3.1፣ 1.6፣ 4.8። 1.6ቷ ምን እንደሆነች ስጠይቃት «ጾም ነበር» አለችኝ። ጎመን! ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ዋርፋሪን የሚሠራው ደግሞ ያንን ቫይታሚን እያገደ ነው። ሐምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጎመን ስትበላ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ፋሲካ ሲመጣ ዶሮና ሥጋ ሲተካ ተመልሶ ይወጣል። ይህንን ያስረዳት ሰው «ጎመን አትብዪ» አላለም፣ ትክክለኛውን ነው የነገራት፤ «በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ብዪ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ቶሎ ብለሽ ተለኪ»። ይህ ምክር የትኛውም የፈረንጅ መመሪያ ላይ «ዐቢይ ጾም» ተብሎ አልተጻፈም። አዲስ አበባ የተቀመጠች አንዲት ነርስ ናት ያወጣችው።

4.8ቷስ? ፍላጂል። ሆዷን አሟት ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ገዝታ ዋጠች። እኛ ሁላችን የምናደርገው ነገር ነው፣ «አሜባ ነው» ብለን። ፍላጂል የዋርፋሪንን ጉልበት ይጨምራል፤ ባክትሪምም እንደዚሁ። ሻጩ «ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ድዷ መድማት ሲጀምር ነው የነቃችው። እድለኛ ናት፤ ድድ ነው የደማው።

«አሁንማ መለካት የማያስፈልጋቸው አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አሉ። የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ግን አይሆኑም። ቫልቫቸው ላልተቀየረ፣ የልብ ምታቸው ለተዛባ የሩማቲክ ልብ ሕሙማንስ? ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ይህንኑ ጠይቆ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች 4,565 ሕሙማንን አሳተፈ። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ያረጀው ዋርፋሪን አዲሱን ሪቫሮክሳባንን በለጠ። ዋርፋሪን ላይ የነበሩት ያነሱ ሰዎች ሞቱባቸው። ለምን የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ የራሴ ጥርጣሬ አለኝ፤ ለአይኤንአር በየወሩ የሚመጣ ሰው በየወሩ ሰው ያየዋል። እግሩ ማበጡን፣ ማሳሉን፣ ሴቷ ማርገዟን የሚያይ ሰው አለ። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ የጥናቱ ድምዳሜ አይደለም።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ምን መደረግ እንዳለበት የማይታወቅ ነገር አይደለም። በ2015 የአፍሪካ የልብ ባለሙያዎች እዚሁ ከተማችን ተሰብስበው የሩማቲክ ልብ በሽታን ከአህጉሩ ለማጥፋት ሰባት እርምጃዎችን አስቀምጠዋል። ስሙም «የአዲስ አበባ ኮሚዩኒኬ» ነው! የሕሙማን መዝገብ ይኑር፣ ፔኒሲሊን አይጥፋ፣ ሴቶቹ የሥነ ተዋልዶ አገልግሎት ያግኙ፣ ምርመራው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወርዶ ወደ ታች ይድረስ ይላል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም ተቀብለውታል። በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ስለዚሁ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል፤ ያኔ የድርጅቱን ወንበር የያዘው የእኛው አገር ሰው ነበር። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2009 ከተከፈተ ጀምሮ ስንት ልብ እንደጠገነ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕጻናት ወረፋ እንደሚጠብቁም ሁላችን የምናውቀው ነው፤ ስንቴ በሞባይል አጭር መልእክት አዋጥተናል።

ማዋጣቱ ጥሩ ነው። ግን ያዋጣንለት ቀዶ ሕክምና በተሳካ ማግስት ያቺ ልጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ደሟን የሚለካላት ካጣች ብሩም፣ ቫልቩም፣ የሐኪሞቹ ድካምም ውኃ ይበላዋል። ከጣት በምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደም አይኤንአር የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ ጀርመን ውስጥ ሕሙማን ቤታቸው ሆነው ራሳቸው ይለካሉ። ለእያንዳንዱ ቤት ይግባ አላልኩም። በየዞኑ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ መሣሪያ፣ የማይቋረጥ የመለኪያ ወረቀት፣ እና ከቁጥሩ ቀጥሎ «ክኒኑን ግማሽ ጨምሪ» ወይም «ነገ ሆስፒታል ሂጂ» ማለት የሠለጠነች አንዲት ነርስ። በዚህች ከተማ ብቻ ትርጉም ለሌለው ኤ.ኤስ.ኦ. በየዓመቱ ከየኪሳችን የምናወጣው ገንዘብ ቢደመር ስንቱን መሣሪያ እንደሚገዛ የጤና ቢሮ ሰው ቢያሰላልኝ ደስ ይለኛል።

የሰፈራችን ልጅ በሚቀጥለው መስከረም እናቷ ዘንድ መመለስ ትፈልጋለች። እህቷ ትወልዳለች፣ ማረስ አለባት። ለአንድ ወር ነው የምትሄደው። አሁን የምታጠያይቀው ከእናቷ ቤት በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚርቀው ሆስፒታል የአይኤንአር ማሽኑ ይሠራ እንደሆነ ነው። እስካሁን ስልክ የሚያነሣ አላገኘችም።